ስለ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ሙዚቃ፤ የምት አቈጣጠርና የባለቤትነት ጥያቄ

የአንድን ሕዝብ ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው «ይህ ሙዚቃ የማን ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ተጫዋቹ፣ መሣሪያው፣ ዜማውና አድማጩ ሁሉ ከአንድ አገር የተገኙ ሲሆኑ መልሱ አያስቸግርም። ነገር ግን ከ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ወዲህ በታላላቅ ከተሞች የተፈጠረው ሙዚቃ ለዚህ ጥያቄ በቀላሉ የሚመች አይደለም። መሣሪያው ከአንድ አገር፣ የምት አቈጣጠሩ ከሌላ አገር፣ ተጫዋቾቹም ከየአቅጣጫው የመጡ በሆኑ ጊዜ፣ ተመራማሪው ከሁለት ነገር አንዱን ለማድረግ ይገደዳል። ወይ ሙዚቃውን «ድብልቅ» ብሎ ማለፍ ነው፤ ወይም እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እየመረመረ ከየት እንደ መጣና በአዲሱ ቦታው ምን እንደ ሠራ ማስረዳት ነው። የፊተኛው ቃል ስም እንጂ ማብራሪያ ስላልሆነ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኋለኛውን መንገድ እንከተላለን።

ለምሳሌ የመረጥነው በ1971 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ የተቋቋመውን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ነው። ይህ ጓድ የጃዝን የፈጠራ ጨዋታ ከሮክ ኀይለኛ ድምፅ ጋር ካዋሐዱት ሁሉ ስሙ በጣም የታወቀ ሲሆን፣ ሥራው በልማድ «የሕንድና የሮክ ድብልቅ» እየተባለ ይጠራል። ከዚህ ቀጥሎ እንደምናሳየው፣ ከሕንድ የተወሰደው በተለይ ጊዜን የመስፈር ዘዴ እንጂ ዜማው ወይም መሣሪያው አልነበረም። ይህም ዘዴ ከአምስት አገር የተወለዱ አምስት ሰዎችን አንድ ያደረገ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ስለዚህ ሙዚቃውን ለሕንድ ብቻ ወይም ለጓዱ መሪ ብቻ መስጠት ከእውነቱ ገሚሱን ማስቀረት ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የዘመኑ ሁኔታ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በአሜሪካ የጃዝ ሙዚቃ አስቸጋሪ መንታ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። ወጣቱ አድማጭ ፊቱን ወደ ሮክ አዙሯል፤ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሰማው ጊታርም አነስተኛውን የጃዝ ቤት ትቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ የሚሰበሰብበትን አዳራሽና ሜዳ ይዞ ነበር። መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ ይህን ለውጥ ከተቀበሉት የጃዝ ሊቃውንት አንዱ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በየካቲት «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ»፣ በነሐሴ ደግሞ «ቢችስ ብሩ» የተባሉትን ሥራዎች ሲያስቀርጽ፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የኤሌክትሪክ ጊታር በጃዝ ውስጥ ዋና ቦታ እንዲይዙ አደረገ።

በሁለቱም ላይ ጊታር የተጫወተው ጆን ማክላክሊን ነው። ማክላክሊን በ1942 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ፣ ዶንካስተር በተባለች ከተማ ተወለደ። እናቱ ቫዮሊን ትጫወት ስለ ነበር የአውሮፓን የጥንት ሊቃውንት ሙዚቃ በልጅነቱ ሰማ፤ ከዚያም ብሉዝንና ጃዝን ተማረ። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ከበሮ መቺው ቶኒ ዊልያምስ «ላይፍታይም» ለተባለው ጓዱ ስለ ጠራው ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ሌላ እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነበር። ኪንግ ክሪምሰንን የመሳሰሉ የሮክ ጓዶች የሦስት ደቂቃውን ዘፈን እየተዉ፣ ብዙ ክፍል ያለው፣ ረዥምና አስቀድሞ በጥንቃቄ የተቀነባበረ ሙዚቃ ያቀርቡ ጀመር። የኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ ሸክላ የወጣው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ዐይነት «ፕሮግረሲቭ ሮክ» ተባለ። እንግዲህ ሁለቱ ወንዞች ከተቃራኒ ወገን እየፈሰሱ ይቀራረቡ ነበር ማለት ነው። ጃዝ ወደ ሮክ የድምፅ ኀይል ሲሄድ፣ ሮክ ደግሞ ወደ ተጠና ድርሰት ይሄድ ነበር። ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የቆመው በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ድርሰቱ እንደ ፕሮግረሲቭ ሮክ በጥብቅ የተሰፈረ ሲሆን፣ በስፍሩ ውስጥ ያለው ጨዋታ ግን እንደ ጃዝ በዚያው ቅጽበት የሚፈጠር ነበር።

፪. አምስቱ ተጫዋቾች

ማክላክሊን በ1971 ዓ.ም. የራሱን ጓድ ሲያቋቁም የሰበሰባቸው አራት ሰዎች አስተዳደጋቸውም ትምህርታቸውም የተለያየ ነበር። ከበሮ መቺው ቢሊ ኮብሃም በ1944 ዓ.ም. በፓናማ ተወልዶ በኒውዮርክ ያደገ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በሰልፍ ሙዚቃ ጓድ፣ ኋላም በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ አገልግሏል። የሁለት እጆቹን እኩል ኀይልና ቅልጥፍና ለሚሰማ ሰው የሰልፍ ከበሮ ሥልጠናው በግልጽ ይታወቃል። ፒያኖና ሲንተሳይዘር የሚጫወተው ያን ሃመር በ1948 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ ተወልዶ፣ የሶቪየት ጦር በ1968 ዓ.ም. ቼኮስሎቫኪያን ከወረረ በኋላ ወደ አሜሪካ የመጣ ነው። የቫዮሊኑ ተጫዋች ጄሪ ጉድማን የቺካጎ ልጅ ሲሆን፣ የአውሮፓን የጥንት ሙዚቃ ተምሮ «ዘ ፍሎክ» በተባለ የሮክ ጓድ ውስጥ ይጫወት ነበር። የቤዝ ጊታሩ ተጫዋች ሪክ ሌርድ በ1941 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ፣ በአየርላንድ ተወልዶ፣ በጉብዝናው ወራት ወደ ኒውዚላንድ ተሻግሮ፣ ከዚያም በለንደን የጃዝ ቤቶች ሙያውን ያዳበረ ሰው ነው።

ስለ ጓዱ ስምም ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። «ማሃ» በሳንስክሪት ቋንቋ ታላቅ ማለት ነው፤ «ቪሽኑ» ደግሞ በሂንዱ ሃይማኖት ዓለምን ጠባቂ የሚባለው አምላክ ስም ነው። ይህን ስም ለማክላክሊን የሰጠው፣ ከቤንጋል መጥቶ በኒውዮርክ ይኖር የነበረው የመንፈስ አስተማሪ ስሪ ቺንሞይ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ መካከል የስሪ ቺንሞይ ደቀ መዝሙር የነበረው ማክላክሊን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን በ1970ዎቹ እኩሌታ ከአስተማሪው ተለይቷል። ይህ ለጥናታችን ቀላል ነገር አይደለም። የአንድን ጓድ ሙዚቃ በመሪው እምነት ብቻ ለመተርጐም የሚሞክር ሰው፣ ያንኑ ሙዚቃ በእኩል ኀይል የተጫወቱትና እምነቱን ያልተጋሩት አራቱ ሰዎች ከምን ተነሥተው እንደ ተጫወቱ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

፫. የድምፁ ጠባይ

የጓዱ ድምፅ መሠረት የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ማክላክሊን ይይዘው የነበረው ጊታር ሁለት አንገት ነበረው፤ ባንዱ ላይ 12፣ በሌላው ላይ 6 አውታር ተወጥሮበታል። በ12ቱ አውታር ኅብረ ድምፁን እየበተነ፣ ድምፆቹን አንድ ባንድ እያከታተለ፣ የድርሰቱን መነሻ ያቆማል፤ በ6ቱ አውታር ደግሞ ብቻውን የሚጫወተውን ፈጣን ዜማ ያወጣል። ቫዮሊኑም ከድምፅ ማጉያ ጋር ስለ ተያያዘ እንደ ጊታሩ ይጮኻል። የሃመር ሲንተሳይዘር ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች ለማጕበጥ የሚያስችል መዘውር ስላለው፣ አድማጭ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው ጊታር ይሁን ሲንተሳይዘር ለመለየት ይቸገራል። ሦስቱ መሣሪያዎች አስቸጋሪውን ዜማ በታላቅ ፍጥነት አንድ ድምፅ ሆነው ይጫወቱታል፤ ከዚያም እየተቀባበሉ እንደ ጠያቂና መላሽ ይከራከሩበታል።

በዚህ ስፍራ መቸኰል አይገባም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን መቀባበልና የድምፁን መጕበጥ ከሕንድ የመጣ ነው ይላሉ። በእርግጥ የሰሜን ሕንድ ተጫዋቾች ሁለት ሆነው እየተጠያየቁ የሚጫወቱበት የታወቀ ሥርዓት አላቸው፤ የሲታር ተጫዋችም አውታሩን ወደ ጐን እየሳበ ድምፁን ያጐብጣል። ነገር ግን እየተቀባበሉ መጫወት ከጃዝ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ ነው። አውታር እየሳቡ ድምፅን ማጕበጥም የብሉዝ ጊታር ዋና መታወቂያ ነው። አንድ ጠባይ ሁለት አባት ሊኖረው በሚችልበት ስፍራ፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ማወጅ ሳይንሳዊ አይሆንም። የሕንድን ድርሻ በእርግጥ ለመለየት የምንፈልግ ከሆነ፣ በብሉዝም በሮክም ውስጥ ያልነበረውን ነገር መፈለግ አለብን። እርሱም የሚገኘው በምቱ አቈጣጠር ላይ ነው።

፬. የምቱ አቈጣጠር

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሰማው የሕዝብ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፈረው በአራት ምት ነው። አራቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ይደገምና ስምንት ይሆናል። የዚህ አሰፋፈር መሠረት ማካፈል ነው፤ አንዱ ሙሉ መጠን በእኩል እየተከፈለ ይሄዳል። በሕንድ የሊቃውንት ሙዚቃ ግን ስፍሩ «ታላ» ይባላል፤ የታላም አሠራር ከማካፈል ይልቅ ወደ መደመር ያዘነብላል። ታላ ማለት የምቱ ቍጥር የተወሰነና ሲያልቅ እንደ ገና የሚጀምር ዙር ሲሆን፣ ክፍሎቹ እኩል እንዲሆኑ ግዴታ የለም። ለምሳሌ በሰሜን ሕንድ «ጃፕታል» የሚባለው ዙር 10 ምት አለው፤ አከፋፈሉም 2፣ 3፣ 2፣ 3 ነው። «ሩፓክ» የሚባለው 7 ምት ሲኖረው 3፣ 2፣ 2 ተብሎ ይከፈላል። የዙሩ የመጀመሪያ ምት «ሳም» ይባላል። የሚጫወተው ሰው በመካከል ወደ ፈለገው መንገድ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሳም ላይ ከባልንጀራው ጋር መገናኘት ግዴታው ነው። አድማጩም የሚደሰተው ተጫዋቹ ርቆ ሄዶ፣ የጠፋ መስሎ፣ በትክክለኛው ምት ላይ ሲመለስ ነው።

በደቡብ ሕንድ ይህ አቈጣጠር የሚጠናው አስቀድሞ በአፍ ነው። ሁለት ምት «ታ-ካ»፣ ሦስት ምት «ታ-ኪ-ታ»፣ አራት ምት «ታ-ካ-ዲ-ሚ» እየተባለ በቃል ይደረደራል፤ ይህም ጥበብ «ኮናኮል» ይባላል። ተማሪው ቍጥር አይቈጥርም፤ ቃል ይላል። ቃሉ በአፉ ከሰለጠነ በኋላ እጁ ይከተላል። ዜማን ከመሪጌታ አፍ በቃል እየተቀበለ ለሚማረው ለአገራችን የዜማ ቤት ተማሪ ይህ ዐይነት ትምህርት በመንገዱ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ጓዱ ሥራ እንመለስ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው «ዚ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም» በተባለው የመጀመሪያ ሸክላ ላይ «ቫይታል ትራንስፎርሜሽን» የሚለው ድርሰት በ9 ምት ዙር ላይ የቆመ ነው። በ1973 ዓ.ም. የወጣው የሁለተኛው ሸክላ መክፈቻ «በርድስ ኦፍ ፋየር» ደግሞ በ18 ምት ዙር ላይ ተሠርቷል። አሥራ ስምንትን አንድ ባንድ እየቈጠረ ፈጣን ዜማ ለመፍጠር የሚችል ሰው የለም። ተጫዋቹ ዙሩን በሁለትና በሦስት ክፍሎች ይበትነዋል፤ ክፍሎቹንም እንደ አንድ ቃል ፊደላት አያይዞ በአእምሮው ይይዛቸዋል። አንባቢ ቃልን በፊደል ቍጥር ሳይሆን በመልኩ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ተጫዋቹም ዙሩን በመልኩ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ነጻ ሆኖ ሊጫወት ይችላል። ከሕንድ የተገኘው ትምህርት በተለይ ይህ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አጕልቶ የሚያሳየው «ዘ ዳንስ ኦፍ ማያ» የተባለው ድርሰት ነው። ጊታሩ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ለጆሮ በሚከብድ ኅብረ ድምፅ፣ የ10 ምት ዙር ያቆማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙዚቃው በድንገት ይለወጥና ማንም የሚያውቀው የሚመስል የብሉዝ ጨዋታ ይጀመራል። ጆሮ «ይህ ብሉዝ ነው» ብሎ ወዲያው ይቀበለዋል፤ እግር ግን ለመርገጥ ሲሞክር ይሰናከላል። ምክንያቱም ብሉዝ በልማድ በአራት ምት የሚሄድ ሲሆን፣ ይህኛው የተሠራው በ20 ምት ዙር ነው። ከዚያም ወደ መጨረሻው የፊተኛው የ10 ምት ዜማ ተመልሶ መጥቶ በብሉዙ ላይ ይደረባል። አድማጩ ሁለት የማይስማሙ ሙዚቃዎች የተጋጩ ይመስለዋል፤ በቍጥር ግን ምንም ግጭት የለም። ሁለት ጊዜ 10 አንድ ጊዜ 20 ስለሆነ፣ ሁለቱም በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ይገናኛሉ። ከአሜሪካ ጥቍር ሕዝብ የወጣው ብሉዝና ከሕንድ የተማሩት አቈጣጠር በዚህ ድርሰት ውስጥ አልተደባለቁም፤ እያንዳንዱ መልኩን እንደ ያዘ በአንድ ስፍር ላይ እንዲገናኙ ተደርገዋል።

ይሁን እንጂ የተወሰደው መሠረቱ እንጂ ሥርዓቱ በሙሉ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በሕንድ አንድ ታላ ከተያዘ ለረዥም ጊዜ ይጸናል፤ የጓዱ ድርሰቶች ግን ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገሩ ዙሩን ይለዋውጣሉ። በሕንድ ሙዚቃ ሥር የሚሰማው ሳይለወጥ የሚዘልቅ አንድ ድምፅ ነው፤ በጓዱ ሙዚቃ ሥር ግን የሚንቀሳቀስ የአውሮፓና የጃዝ ኅብረ ድምፅ አለ። የሕንድን ዜማ የሚገዛው «ራጋ» ነው። ራጋን ለአገራችን አንባቢ ለማስረዳት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ጋር ማመሳሰል በመጠኑ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ራጋ የድምፆቹን አወጣጥና አወራረድ፣ የሚያርፉበትን ድምፅና የሚታወቁበትን ሐረግ ጭምር ይወስናል። በማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ሥራ ውስጥ ከራጋ የተገኙ የሚመስሉ የድምፅ መሰላሎች ይሰማሉ፤ የራጋ ሕግ ግን ገዢ ሆኖ አይገኝም።

እንዲሁም ያልተስተካከለ የምት ዙር ወደ ጃዝ የገባው ከሕንድ ብቻ አይደለም። ዴቭ ብሩቤክ በ1958 ዓ.ም. ቱርክን በጐበኘ ጊዜ በሰማው ምት ተነሥቶ፣ በ1959 ዓ.ም. በወጣው «ታይም አውት» በተባለው ሸክላ ላይ በ9 ምት የተሠራ፣ 2፣ 2፣ 2፣ 3 ተብሎ የሚከፈል ድርሰት አቅርቧል። የሀንጋሪው ሊቅ ቤላ ባርቶክም ከዚያ አስቀድሞ የቡልጋሪያን ምት ለፒያኖ ጽፏል። ዶን ኤሊስ ደግሞ በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ከሕንዳዊው ሙዚቀኛ ሃሪ ሃር ራኦ ተምሮ፣ በታላቅ የጃዝ ጓድ ረዣዥም ዙሮችን ያሠራ ነበር። ስለዚህ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ መንገዱን የጠረገ ሳይሆን፣ በተጠረገው መንገድ ላይ በሮክ ኀይልና ፍጥነት የሮጠ ነው ማለት ይቻላል።

፭. ሻክቲ ለማነጻጸሪያ

አንድ ተበዳሪ ከአበዳሪው ምን ያህል እንደ ወሰደ የሚታወቀው፣ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ ነው። በማክላክሊን ሕይወት ይህ ማነጻጸሪያ በግልጽ ይገኛል። እርሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮኔቲከት በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከኤስ. ራማናታን ዘንድ የደቡብ ሕንድን ሙዚቃ ተማረ፤ ኋላም ሻክቲ የተባለውን ጓድ አቋቋመ። በሐምሌ 1975 ዓ.ም. በተቀረጸው በመጀመሪያው የሻክቲ ሸክላ ላይ ከእርሱ ጋር የተጫወቱት ቫዮሊኒስቱ ኤል. ሻንካር፣ የታብላ መቺው ዛኪር ሁሴን፣ ምሪዳንጋም የተባለውን ባለ ሁለት ፊት ከበሮ የሚመታው አር. ራጋቫን፣ ጋታም የተባለውን የሸክላ እንስራ የሚመታው ቲ. ኤች. ቪናያክራም ናቸው።

በሻክቲ ውስጥ ድምፅን የሚያናውጥ ማጉያ የለም፤ የጃዝ ከበሮ የለም፤ ቤዝ ጊታርም የለም። ማክላክሊን የያዘው ጊታር እንኳ ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተሠራ ነበር። በዋናዎቹ አውታሮች ሥር አግድም የተወጠሩ፣ ሳይነኩ የሚያስተጋቡ ተጨማሪ አውታሮች ነበሩት፤ የአንገቱም ገጽ አውታሩን ለማጕበጥ እንዲመች በየደረጃው ተሰርስሮ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በሻክቲ ጊዜ ማክላክሊን በሕጉ ውስጥ ገብቶ ይጫወት ነበር። ባልንጀሮቹ ታላውን ከልጅነታቸው የያዙ ሰዎች ስለሆኑ ስሕተቱን ወዲያው የሚሰሙ ናቸው። በማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ጊዜ የሕንዱ አቈጣጠር መሣሪያ ነበር፤ በሻክቲ ጊዜ ግን ዳኛ ሆነ። ሁለቱን ሸክላዎች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የሚሰማ ተማሪ፣ በመበደርና በመግባት መካከል ያለውን ልዩነት ያለ ብዙ ንባብ ይረዳዋል።

ይህም መግባባት የአንድ ወራት ነገር አልነበረም። ሻክቲ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2023 ዓ.ም. «ዚስ ሞመንት» የተባለ ሥራ አውጥቶ፣ በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ የግራሚ ሽልማት ተቀብሎበታል። ዛኪር ሁሴን ያረፈው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነው።

፮. የባለቤትነት ጥያቄ

እስካሁን የተናገርነው ሙዚቃው ከየት እንደ መጣ ነው። አሁን የሚቀረው ከመጣ በኋላ የማን እንደ ሆነ ነው። በጓዱ የመጀመሪያ ሁለት ሸክላዎች ላይ የድርሰቱ ሁሉ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ጆን ማክላክሊን ብቻ ነው። በሕግ በኩል ይህ አያስደንቅም። የምዕራባውያን የደራሲ መብት ልማድ የሚያውቀው ዜማውንና ኅብረ ድምፁን ያዘጋጀውን ሰው ነው። ያን የ18 ምት ዙር በከበሮ ሕይወት የሰጠውን፣ ወይም በዙሩ ላይ በዚያው ቅጽበት አዲስ ዜማ የፈጠረውን ሰው እንደ ደራሲ አይቈጥረውም። በዚህ የተነሣ፣ አምስት ሰዎች በአንድነት ያቆሙት ሙዚቃ በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ሆኖ ተመዘገበ።

በሰኔ 1973 ዓ.ም. ጓዱ በለንደን በትራይደንት ስቱዲዮ አዲስ ሥራ ሲቀርጽ፣ ሌሎቹ አባሎች የራሳቸውን ድርሰት ይዘው ቀረቡ። የሃመር «ሲስተር አንድሪያ»፣ እንዲሁም የጉድማንና የሌርድ ድርሰቶች በዚያ ተቀርጸዋል። ነገር ግን በአባሎቹ መካከል ስምምነት ስላልነበረ ሥራው ሳይወጣ ቀረ፤ በምትኩ በነሐሴ 1973 ዓ.ም. በኒውዮርክ በሴንትራል ፓርክ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ተቀርጾ ወጣ። ጓዱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተበተነ። የለንደኑ ቅጂ ለሕዝብ የደረሰው በ1999 ዓ.ም.፣ ከ26 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ለሩብ ምእት ዓመት ያህል የጓዱን ሙዚቃ በሸክላ ብቻ ያጠና ሰው፣ ከሴንትራል ፓርኩ ሸክላ ላይ ከሚገኘው ከሃመር ድርሰት በቀር፣ የአንድ ደራሲ ሥራ ብቻ ይዞ ነበር ማለት ነው። ስሕተቱ የሰሚው ሳይሆን የማስረጃው ነበር።

ነገሩን በፍርድ ሚዛን ለማየት ግን የመሪውንም ወገን መስማት ይገባል። ጓዱን ያሰበው፣ ተጫዋቾቹን የመረጠው፣ የምት ዙሮቹን አስልቶ ያቀረበው ማክላክሊን ነው፤ ያለ እርሱ ጓዱ ባልተቋቋመም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩ ራሱ ፈተና የሚሆን ማስረጃ ሰጥቶናል። ማክላክሊን ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ስም ሌላ ጓድ አቋቋመ፤ ቫዮሊኒስቱ ዣን ሉክ ፖንቲና ከበሮ መቺው ናራዳ ማይክል ዋልደን ከአዲሶቹ አባሎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር «አፖካሊፕስ» የተባለውን ሸክላ አወጡ። መሪው ያው፣ ስሙም ያው ነበር፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። የፊተኛው ጓድ የእርስ በርስ ፍጥጫ ቀርቶ፣ የሰፋና የተረጋጋ ሙዚቃ በቦታው ተተካ። መሪው ሳይለወጥ አባሎቹ ሲለወጡ ሙዚቃው ከተለወጠ፣ የተለወጠው ክፍል የአባሎቹ እንደ ነበር መገመት ተገቢ ነው። ኮብሃምም በ1973 ዓ.ም. ባወጣው «ስፔክትረም» በተባለው ሸክላ ላይ ከሃመር ጋር ሲጫወት፣ ከዚያ ኀይል ድርሻቸውን ይዘው እንደ ወጡ ያሳያል።

፯. ለጥናት የሚጠቅም ትምህርት

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮችን ለይተን ለመያዝ እንችላለን። የመጀመሪያው፣ የአንድ ሙዚቃ ምንጭ ሲመረመር ዜማው፣ መሣሪያው፣ ኅብረ ድምፁና የምቱ ስፍር ለየብቻ መመዘን አለባቸው። አራቱ ከአንድ ስፍራ መጥተዋል ተብሎ አስቀድሞ ሊታሰብ አይገባም። በማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ዘንድ ከሕንድ የመጣው በተለይ አራተኛው ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከቱርክና ከቡልጋሪያ በጃዝና በአውሮፓ ድርሰት በኩል የደረሱ ታናናሽ ወንድሞች ነበሩት።

ሁለተኛው፣ ብድር የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው። የጓዱ ሰዎች ከሕንድ የወሰዱት በጥቂቱ ነበር፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ነገር የሙዚቃው ምሰሶ ሆነ። አንድ የፓናማ ተወላጅ፣ አንድ ቼክ፣ አንድ አይሪሽ፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ አሜሪካዊ በየበኩላቸው በተማሩት ቋንቋ ሲናገሩ የተደማመጡት፣ የሚገናኙበትን ምት ሁሉም ስላወቁት ነው። የምቱ ዙር እንደ ገበያ ቀን ነበር፤ እያንዳንዱ ከየመንደሩ የየራሱን ሸቀጥ ይዞ ይመጣል፣ በቀኑና በስፍራው ግን አይሳሳትም።

ሦስተኛው፣ በሸክላ ፊት ላይ የተጻፈው ስም የሕግ ማስረጃ እንጂ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። ተመራማሪው ከስሙ አልፎ፣ ማን ዙሩን እንደ አሰበ፣ ማን እንደ ሞላው፣ የማንስ ሥራ ሳይወጣ እንደ ቀረ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ በኤሌክትሪክ ጊታር ለሚጫወት ጓድ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በየትኛውም አገር በኅብረት የሚጫወቱ ሰዎችን ሙዚቃ ለመመዝገብ መቅረጫውን ይዞ የሚወጣ ተማሪ፣ በመዝገቡ ላይ የመሪውን ስም ብቻ ጽፎ ከተመለሰ የሠራው ሥራ እኩሌታ ነው። የከበሮ መቺውን ስም፣ የተማረበትን ስፍራና ምቱን በምን ቃል እንደሚቈጥር ከአንደበቱ ሰምቶ በዚያው ገጽ ላይ ሲያሰፍር ግን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው «ይህ ሙዚቃ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኝበት መዝገብ ይኖረዋል።